በአቃቂ ማንም የማይቀመጥባት ወንበር

ከአቃቂ ከተመለስኩ ወዲህ የሰፈሬ ሴቶች ልብስ ሊያስለኩ ሲመጡ የሚጠይቁኝ ስለ ቀሚሱ ሳይሆን ስለ መንገዱ ነው። «እስቲ ንገሪን፣ ምን አየሽ?» ይሉኛል። ለአንዷ የነገርኩትን ለሌላዋ ስደግም ሁለት ቀሚስ አበላሸሁ። ስለዚህ አንዴ ጽፌ ልገላገል ብዬ ተቀመጥኩ። የምጽፈው አቃቂን ለማታዩት ነው። ብታዩትም ወንዝ፣ ባሕር ዛፍ፣ የጥጥ ፋብሪካና ጭቃ ነው፤ ለእሱ ተብሎ ከድሬዳዋ አይኬድም። እኔ የሄድኩት ለሌላ ጉዳይ ነው።

የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያናችን አባ ሉቃስ ማርጀታቸውን ታውቃላችሁ። ብዙዎቻችን መንፈሳዊ መሪያችን እሳቸው ነበሩ። ኦርቶዶክስ ጎረቤቶቼ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ስለሚጠይቁኝ ላስረዳ። መንፈሳዊ መሪ የንስሐ አባት ማለት አይደለም፤ አይናዝዝም፣ ቀኖና አይሰጥም። ቄስ መሆንም የለበትም፤ መነኩሲትም ባለትዳርም ሊሆን ይችላል። ሰው በየጊዜው እሱ ዘንድ ይመጣና «ስጸልይ እንዲህ ሆንኩ፣ እንዲህ ተሰማኝ፣ ምንም አልተሰማኝም» ይለዋል። መሪው ይሰማል፤ ጥቂት ይጠይቃል። አብዛኛው ሥራ ዝም ማለት ነው። የምታውቁኝ እዚህ ላይ ትስቃላችሁ።

አባ ሉቃስ አንድ ቀን ጠሩኝና «ሴቶቹ ልብስ ሲያስለኩ ለአንቺ የሚነግሩሽን ለእኔ አይነግሩኝም። ይህን ሥራ አንቺ ተረከቢኝ» አሉኝ።

«አባ፣ እኔ ሰው የምለካው በሜትር ነው» አልኳቸው።

ሳቁ። «አቃቂ የማውቃቸው ሰዎች አሉ፤ ይህን ሥራ አብረው የሚሠሩ። ሂጂና እያቸው። ስትመለሺ እሺ ወይም እምቢ ትይኛለሽ።»

ያልነገርኳቸው ነገር ነበረ። ልጄ ሰናይት ከሞተች ወዲህ ጸሎቴ ከአፌ ይወጣል እንጂ የሚቀበለው ያለ አይመስለኝም። ደጅ ቆሜ እጣራለሁ፤ ቤቱ ውስጥ ግን ሰው የለም። እንዲህ ያለች ሴት ሌላውን «ጸሎትሽ እንዴት ነው?» ብላ እንዴት ትጠይቃለች? መልሴ እምቢ እንደሚሆን እያወቅሁ ነው የሄድኩት።

ሐሙስ ጠዋት ባሌ ጣቢያ ድረስ ሸኘኝ። የባቡር ወርክሾፕ ሠራተኛ ስለሆነ ባቡርን የሚያየው ገበሬ በሬውን እንደሚያይ ነው። የባቡሯን ጎን መታ መታ አድርጎ «ትደርሳለች» አለኝ። ሦስተኛ ማዕረግ ገብቼ ጣውላው ላይ ተቀመጥኩ፤ ለአቃቂዎቹ የያዝኩትን ጣፋጭ፣ ሙሸበክ፣ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩ። ኤረር ላይ ብርቱካን ገዛሁ። እንደ ድሮው ጣፋጭ ነው፤ ሻጮቹም እንደ ድሮው ባቡሩ ሲንቀሳቀስ መልስ ይረሳሉ። አፍደምን ስናልፍ ሙሸበኩ በሙቀቱ ቀልጦ አንድ ላይ ተጣበቀ፤ ሽሮፑም ቀሚሴ ላይ ፈሰሰ።

አዋሽ ስንደርስ ከፊታችን ያለውን ሐዲድ ጎርፍ ሸርሽሮታልና እዚሁ ታድራላችሁ ተባልን። ክረምቱ ሊወጣ ሲል እንዲህ ያለ ነገር አይጠፋም። ጣቢያው አጠገብ ምግብ የምትሸጥ ፋጡማ የምትባል ሴት «የድሬ ሰውማ ሜዳ ላይ አያድርም» ብላ እጄን ይዛ ቤቷ ወሰደችኝ። ሩዝ በሥጋ አበላችኝ፣ ቀሚሴን አጠበችልኝ፣ ለራሷ ምንጣፍ አንጥፋ አልጋዋን ለቀቀችልኝ። ወዴት እንደምሄድ ጠየቀችኝ።

«ሰው መስማት ልማር» አልኳት።

«አቦ፣ ጆሮሽን ድሬ ረስተሽው መጣሽ እንዴ?» አለችኝ። እስክንተኛ ድረስ ስንስቅ አመሸን። ከዚያ በኋላ እንደዚያ የሳቅሁበት ምሽት አልነበረም።

ዓርብ ሐዲዱ ተጠግኖ ተነሳን። ናዝሬት ስንደርስ ነጠላዬን ተከናነብኩ፤ ሞጆ ላይ ሹራቤን ደረብኩ፤ ደብረ ዘይት ላይ የምደርበው አለቀብኝ። እኛ ብርድ የምንለው ለካ ጥላ ነው። አቃቂ የወረድነው ሲመሻሽ ነው። ጉሙ ከወንዙ ተነስቶ መሬት ለመሬት ይሄድ ስለነበር ጣቢያው ላይ የቆሙት ሰዎች ከወገባቸው በታች አይታዩም ነበር። ባቡሩ ወደ አዲስ አበባ ሲያልፍ ድምፁ ቶሎ ጠፋ፤ እኛ ዘንድ ሩቅ ድረስ ይሰማል።

ጋቢ በክንዳቸው የያዙ ሰውዬ ቀረቡኝና «ወይዘሮ ማርታ?» አሉ በጩኸት። አቶ ወልዴ ናቸው። ጋቢውን አለበሱኝ፣ ሻንጣዬን ተሸከሙ፤ መንገዱን ሁሉ ግን ዐይናቸውን ከአፌ ላይ አልነቀሉም። ይሄ ምን ያለ ባለጌ ነው እያልኩ ፊቴን ባዞር፣ የምናገረውን እንዳልሰሙ ዝም አሉ። ኋላ ራሳቸው ነገሩኝ። ፋብሪካው ውስጥ ሸማኔ ነበሩ፤ የመሸመኛው መኪና ጩኸት ጆሮአቸውን ወስዶታል። የሚሰሙት በዐይናቸው ነው።

ቤቱ ድሮ ለባቡር ሰዎች የተሠራ የድንጋይ ቤት ነው፤ ከሐዲዱ ብዙ አይርቅም። ኃላፊው አባ ተክሌ ይባላሉ፤ ረጅም፣ ድምፃቸው ለስላሳ። እግሬን በሙቅ ውሃ አስታጠቡኝ፤ ትኩስ ድንች በሚጥሚጣ አቀረቡልኝ። ብርድ ልብስ ደራርበውልኝ ቶሎ ተኛሁ። አንድ ነገር ብቻ መንገር ረሱ።

ቅዳሜ ጠዋት ከክፍሌ ስወጣ ኮሪደሩ ላይ አባ ተክሌን አገኘኋቸው። ዝቅ ብዬ «እንደምን አደሩ አባ?» አልኩ። ዐይናቸውን መሬት ላይ እንደተከሉ አለፉኝ። ቀጥሎ አንዲት አሮጊት መነኩሲት ግድግዳውን በመዳፋቸው እየዳበሱ መጡ። «እንደምን አደሩ እማሆይ?» አልኩ። የልብሳቸው ጫፍ እጄን እየነካ አለፉ። አቶ ወልዴ በበሩ ሲገቡ ሰላም አልኳቸው። አፌን አዩ፣ አንገታቸውን ደፉ፣ አለፉኝ።

በእኛ አገር ሰላምታ የማይመለስለት የሞተ ሰው ብቻ ነው። መስኮቱ ላይ ጉም ተለጥፏል፤ ውጭው አይታይም። ማታ ሞቼ ይሆን እንዴ ብዬ ክንዴን ቆነጠጥኩ። አትሳቁብኝ፤ የምር ነው የቆነጠጥኩት። ቁንጥጫው ተሰማኝ፤ ፍርሃቴ ግን አልለቀቀኝም።

የጠዋት ጸሎት አልቆ ደወል ሲደወል ሦስቱም መጥተው እየሳቁ አቀፉኝ፤ እንደ አዲስ እንደምን አደርሽ፣ እንዴት አደርሽ፣ ብርዱ እንዴት ነው። አባ ተክሌ ይቅርታ ጠየቁኝ። «እዚህ ቤት ከጸሎት በፊት ለሰው አንናገርም። የቀኑ የመጀመሪያ ቃል ለእግዚአብሔር ነው።»

«እግዜርስ እንደምን አደራችሁ መባባላችን ምን ይከፋዋል?» አልኳቸው። እማሆይ አጸደ፣ መነኩሲቷ፣ አፋቸውን በመዳፋቸው ሸፍነው ሳቁ። ዐይናቸው ከጠፋ ቆይቷል። አንዱ አይሰሙ፣ አንዷ አያዩ፤ አባ ሉቃስ ወዴት ነው የላኩኝ ብዬ አሰብኩ።

ከቁርስ በኋላ የማዳመጫውን ክፍል አሳዩኝ። ባዶ ግድግዳ፣ አንድ መስኮት፣ ሦስት ወንበር። ሁለቱ ጣውላ ናቸው፤ አንዱ ለሚመጣው ሰው፣ አንዱ ለሚሰማው። ሦስተኛዋ በመስኮቱ በኩል ያለች፣ መቀመጫዋ በጠፍር የተጠላለፈ፣ ከሁለቱ የምታምር ወንበር ናት።

«እዚህኛዋ ላይ ማንም አይቀመጥም» አሉ አባ ተክሌ። «መሪ እንባላለን እንጂ የሚመራው ሌላ ነው። እንዳንረሳው አንድ ቦታ እንተውለታለን።»

ጥሩ ልማድ ነው ብዬ ዝም ልል ነበር። ግን የልብስ ሰፊ ዐይን ነገር ሆኖብኝ ጠፍሯን አየሁ። መሐሉ ረግቧል፤ ዳርና ዳሩ በልብስ እንደታሸ ያብረቀርቃል። የረጅም ጊዜ መቀመጫ እንደዚያ ነው የሚሆነው። «ማንም ካልተቀመጠባት ለምን ረገበች?» አልኩ። አባ ተክሌ ወንበሯን አዩ፣ ትከሻቸውን ሰበቁ፣ ምሳ ደርሷል አሉኝ።

ምሳው ሽሮና ጎመን ነበር። አባ ተክሌ ለዚህ ሥራ እንዴት እንደበቁ ጠየቅኋቸው። ክህነት ከመቀበላቸው በፊት ባቡር ላይ ቲኬት ቆራጭ ነበሩ።

«ሰው ለቲኬት ቆራጭ ምሥጢር ይነግራል» አሉ። «በሚቀጥለው ጣቢያ እንደሚለየው ያውቃላ። አንድ ቀን ከአዋሽ የተሳፈረች ሴት ነበረች፤ የተኛ ልጅ ታቅፋለች። ቲኬት ስላት በጥርሷ ይዛ ሰጠችኝ፤ እጇን ከልጁ ላይ አላነሳችም። ሞጆ ላይ ሳልፍ የልጁ እግር ከጨርቁ ወጥቶ አየሁ። ልሸፍነው ብዬ ነካሁት። ቀዝቅዟል። ቀና ብላ አየችኝና ‹እንዳታወርደኝ፤ እናቴ አቃቂ ናት፣ እዚያ ልቅበረው› አለችኝ። ደንቡ አውርዳት ይል ነበር። አጠገቧ ተቀመጥኩ። የምለው ስለጠፋኝ አቃቂ ድረስ አንድ ቃል አልተነፈስኩም። ስትወርድ ዞር አለችና ‹እግዜር ይስጥህ፤ እንዲያ ባታጫውተኝ አልደርስም ነበር› አለችኝ።»

ያነሱትን ጉርሻ ሳይበሉ አስቀመጡ። «እኔ አፌን አልከፈትኩም ነበር ወይዘሮ ማርታ። ማን እንዳጫወታት እስከ ዛሬ አላውቅም። ያን ሳምንት ሥራዬን ለቀቅሁ።»

ማዕድ ጥሎ መነሳት ነውር መሆኑን አውቃለሁ። ተነሳሁ። ጓሮ ወጥቼ ባሕር ዛፉን ተደግፌ ቆምኩ። የሰናይት እግር የቀዘቀዘው ከሌላው ገላዋ በፊት ነበር። አባ ተክሌ ይህን ሊያውቁ አይችሉም፤ ቢሆንም ተቆጣኋቸው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አቶ ወልዴ ወንዙን ሊያሳዩኝ ይዘውኝ ወጡ። ወንዙ ሞልቶ ጭቃ ለብሷል፤ የእኛ ደቻቱ አንድ ቀን ደንፍቶ ተመልሶ አሸዋ ነው፣ ይሄኛው ግን ሁልጊዜ ይሄዳል። መንገድ ላይ የእሳቸውን ነገሩኝ። ፋብሪካው ውስጥ ጩኸቱ ስለማያሰማ ሸማኔዎቹ የሚነጋገሩት በከንፈር ነው። አቶ ወልዴ ከአዳራሹ ጫፍ እስከ ጫፍ ያነቡ ነበር። ጆሮአቸው ሲጠፋ ዐይናቸው ይብስ ሰላ።

«ችግሩ ቤተ ክርስቲያን ነው» አሉ። «ሰው ሲጸልይ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ማን ምን እንደሚለምን፣ ማን ማንን እንደሚረግም ሁሉ ይታየኝ ጀመር። ዐይኔን ብጨፍንም ያየሁትን አልረሳውም። አባ ተክሌ ዘንድ ሄጄ ‹የሰው ጓዳ እየገባሁ ነው፣ ምን ልሁን?› አልኳቸው። ‹መግባትህ ካልቀረ ዘበኛው ሁን› አሉኝ። እንዲህ ነው የጀመርኩት።»

ከዚያ ወዲያ ጸሎት ቤት ስገባ አፌን በነጠላዬ መሸፈን ጀመርኩ። ሰውየው ደግ ናቸው፤ ግን ጓዳዬ ባዶ መሆኑን እንዲያዩብኝ አልፈለግሁም።

በዚያው ምሽት ራት ላይ፣ አቶ ወልዴም አብረውን ሳሉ፣ ያን የተጣበቀ ሙሸበክ አቀረብኩ። በቢላ ቆራርጠን በላነው። እማሆይ አጸደ ጣታቸውን እየላሱ «የአገርሽ ሰው ስኳር አይፈራም?» አሉኝ። ደፍሬ የእሳቸውንም ጠየቅኋቸው።

«እኔ አልቃሽ ነበርኩ» አሉ። «ከለቅሶ ለቅሶ እየተጠራሁ ሙሾ አወርዳለሁ። ለማውረድ ደግሞ ሟቹን ማወቅ አለብሽ። ቤተሰቡን እጠይቃለሁ፤ ይነግሩኛል፤ የማይነገረውንም ይነግሩኛል። ከዚያ ክፉውን ትቼ ደጉን አወርዳለሁ። አንድ ሰው ሞቶ እንዲህ አልኩለት፤

አንበሳው ሲያገሣ ቤቱ ይሞላ ነበር፤
ዛሬ ዝም ሲላት ማን ይሁናት ማገር።

አገሩ ተላቀሰ። ኋላ ሚስቱ ጓዳ ጠርታኝ ክንዴን ያዘች። ‹ዕድሜ ልኬን ሲደበድበኝ ኖሯል። አሁን ብናገር ማን ያምነኛል? የቀረችኝ እውነቴ ነበረች፤ እሷንም አንቺ ወሰድሽብኝ› አለችኝ። ጣቶቿ እዚህ ጋ ናቸው።» እጅጌአቸውን ሰብስበው ባዶ ክንዳቸውን አሳዩኝ። «ሙሾ ትቼ ገዳም ገባሁ። ሰውን የሌለ ነገር ነግሬ ላላጽናና ማልኩ።»

ምንም የሚታይ ነገር አልነበረም፤ እኔ ግን ክንዳቸውን ሳየው ቆየሁ።

ሰኞ ብርዱ ከእንቅልፌ ቀሰቀሰኝ። ቤቱ በዝምታው ሰዓት ላይ ነው። ፀሐይ ቀድማ የምትገባው በማዳመጫው ክፍል መስኮት መሆኑን አይቼ ስለነበር እዚያ ሄጄ ልጠብቃት አሰብኩ። ውጭው ገና ጉም ነው። ቆምኩ። ወንበሯን አየኋት። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ንዴት መጣብኝ። ባዶ ከሆንሽ ባዶ ነሽ አልኩ በልቤ፤ ሄጄ ተቀመጥኩባት። ጠፍሯ ሲጢጥ ብላ ተቀበለችኝ። መቀመጫዋ ሞቃት ነበር። ሌሎቹን ወንበሮች ቀድሜ ነክቼአቸው ነበር፤ እንደ በረዶ ናቸው።

ልነሳ ስል በሩ ተከፈተ። እማሆይ አጸደ ናቸው። ግድግዳውን ዳብሰው መጥተው ለእንግዳ ከተተወችው ጣውላ ላይ፣ ከፊት ለፊቴ ተቀመጡ። ዝምታ ነው፤ መናገር አይፈቀድም። እኔም የማደርገው ጠፋኝና ትንፋሼን ያዝኩ።

«ዛሬም መጣሁ» አሉ፣ ወደ እኔ ዞረው። የሚያናግሩት ማንን እንደሆነ ያኔ ገባኝ። «ሰው እዚህ መጥቶ ‹አይሰማኝም እማሆይ› ሲለኝ ‹አይዞህ፣ አለ› እላለሁ። በምን አውቄ? ዐይኔን ስትወስድ እሺ አልኩ። ከዚህች ወንበር ግን እስከ ዛሬ ምንም አልሰማሁም። አሁንም ሙሾ ነው እንዴ የማወርደው? የሌለውን አለ እያልኩ? ቃል አልለምንህም። መኖርህን ብቻ።»

የራሴን ነገር ነበር የሚናገሩት። እኔ በደጅ ቆሜ የምጣራው ቤት እሳቸውም ደጁ ላይ ቆመው ኖረዋል። የያዝኩት ትንፋሽ አመለጠኝ፤ በእንባ ተቆራርጦ ወጣ።

እማሆይ ቀጥ አሉ። «አለህ?» አሉ በጣም ቀስ ብለው።

አፌን ከፈትኩ። የቤቱ ደንብ አገደኝ ብዬ ብነግራችሁ ግማሽ እውነት ነው፤ ግማሹ ፍርሃት ነው። ከወንበራቸው ወረዱ፣ በጉልበታቸው ተንበረከኩ፣ ከእግሬ ፊት ያለውን መሬት ሳሙ። ግንባራቸው ጫማዬን ሊነካ ጥቂት ቀረው። ከዚያ ተነስተው፣ ግድግዳውን ሳይዳብሱ፣ ቀጥ ብለው ወጡ። ቀኑን ሙሉ ራሴን አሞኛል ብዬ ከክፍሌ አልወጣሁም። አቶ ወልዴ ከቤታቸው የአጃ ሾርባ በፔርሙስ አመጡልኝ። ሾርባው ሲያዩት የከፋ፣ ሲጠጡት ደህና ነበር።

ማክሰኞ እማሆይ ሌላ ሰው ሆነዋል። ሁለት ጊዜ አስጨምረው በሉ፤ ኮሪደሩ ላይ እያዜሙ ይሄዳሉ። አባ ተክሌ ምን ተገኘ ቢሏቸው ፈገግ ብለው አለፏቸው። እስቲ ይህን ደስታ እንዴት ብዬ ልንጠቅ? ለአንዲት አሮጊት ይህ ቢተውላት ማን ይጎዳል? ዝም ብዬ ባቡሬን ልያዝ ብዬ ቆረጥኩ።

ከሰዓት በኋላ ከፋብሪካው የምትመጣ አንዲት ሴት እማሆይን አነጋግራ ስትወጣ በር ላይ አገኘችኝ። ዐይኗ በልቅሶ አብጧል፣ ፊቷ ግን በርቷል። «በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ አሉኝ እኮ!» አለችኝ እጄን ጨብጣ። «ሲተነፍስ ሰምተውታል! ዛሬ ለእህቶቼ ሁሉ እነግራለሁ።»

እጄን ከእጇ አስለቀቅሁ። ሮጬ ጸሎት ቤት ገብቼ ተንበረከክሁ። «እኔ ነኝ የተነፈስኩት፤ አንተ አይደለህም፣ እኔ ነኝ» እያልኩ ደጋገምኩ። ቀና ስል አቶ ወልዴ በማዶ ተቀምጠዋል። አፌን መሸፈን ረስቼ ነበር።

ውጭ ጠበቁኝ። ሁልጊዜ የሚጮኹት ሰውዬ በዚያን ጊዜ አንሾካሾኩ። «ያየሁትን ለማንም አልናገርም፤ ሥራዬ ነው። ግን ነገ ባቡር አለሽ።»

«ደስ ብሏቸዋል እኮ አቶ ወልዴ» አልኳቸው።

«ይታያል። የክንዳቸውን ነገር ግን እሑድ አብረን ሰምተናል» አሉና ሄዱ።

ረቡዕ ጠዋት ደወሉ እንደተደወለ እማሆይን ማዳመጫው ክፍል እንዲመጡልኝ ለመንኳቸው። ሻንጣዬ በር ላይ ነው። እሳቸው በሰሚው ጣውላ፣ እኔ በእንግዳው ጣውላ ተቀመጥን። ፊት ለፊት እያየኋቸው ተናገርኩት። ወንበሯ ላይ ተቀምጬ እንደነበር፣ የሰሙት ትንፋሽ የእኔ እንደሆነ፣ ዝምታ ቢሆንም መናገር ይገባኝ እንደነበር።

ፊታቸው ቀስ በቀስ ተመልሶ አረጀ። እዚያው እያየሁት። በሕይወቴ እንደዚያ ያፈርኩበት ቀን የለም። ፋብሪካ የምትሠራው ሴትዮ ትዝ ያለቻቸው መሰለኝ፤ «እሷንም መጥራት አለብኝ» አሉ ለራሳቸው። ከዚያ ክንዳቸውን ዳበሱ።

«አሁን ቀለለኝ አልልሽም» አሉ። «ከፍቶኛል። ግን እውነቴን አልወሰድሽብኝም።»

የፋብሪካው ጡሩምባ ጮኸ። ከዚያ ወደ እኔ ጠጋ አሉ።

«አንድ ነገር አስጨንቆኝ ነበር። ትንፋሹ የሚያለቅስ ሰው ትንፋሽ ነው። እግዚአብሔር ምን ሆኖ ያለቅሳል እያልኩ ሰንብቻለሁ። አንቺ ከሆንሽ ንገሪኝ። ምን ሆነሽ ነው?»

ስለ ሰናይት ለማንም ያልነገርኩትን ነገርኳቸው። የቀዘቀዘ እግሯን፣ በደጅ መጣራቴን፣ ለአባ ሉቃስ መደበቄን። እማሆይ አንድም ጊዜ አይዞሽ አላሉኝም። አለም፣ የለምም አላሉኝም። እስክጨርስ ዝም ብለው ሰሙኝ፤ እንዲያ ተሰምቼ አላውቅም።

ስጨርስ በመስኮቱ በኩል ጠፍር ሲጢጥ አለ። ረጅም፣ ሰው ክብደቱን ቀስ ብሎ ሲያሳርፍ እንደሚሰማው። ያን ድምፅ አውቀዋለሁ፤ ሰኞ ከሥሬ ሰምቼዋለሁ።

እማሆይ ፊታቸውን ወደዚያ አዞሩ። «ማርታ፣ የት ነው ያለሽው?»

«እዚሁ ነኝ፣ ከፊትዎ።»

«ሰው ገባ እንዴ?»

አየሁ። መስኮቱ ጉም ነው። ወንበሯ ባዶ ናት። «ማንም አልገባም እማሆይ» አልኳቸው፤ እውነቱ ይሄ ነበር። ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እጄን ፈልገው ያዙኝ። ሁለታችንም አልተነሳንም፤ አቶ ወልዴ ባቡሩ ደርሷል ብለው እስኪጮኹ ድረስ።

የመልሱ መንገድ የሚጻፍ ነገር የለውም። ደብረ ዘይት ላይ ሹራቤን አወለቅሁ፣ አዋሽ ላይ ፋጡማን አቀፍኳት፤ አቶ ወልዴ ያለበሱኝን ጋቢ እስከ ዛሬ አልመለስኩም። ቤቴ ደርሼ እንደሞቀኝ አባ ሉቃስ ዘንድ ሄድኩ። የደበቅሁትን ሁሉ መጀመሪያ ነገርኳቸው፤ ቀጥዬ እሺ አልኳቸው።

እንግዲህ ከስፌት ቤቴ በስተጀርባ ያለችውን ትንሽ ክፍል አጽድቻታለሁ። አናጢው ሦስት ወንበር ሠርቶልኛል፤ የሦስተኛዋ ጠፍር አዲስ ስለሆነ ገና አልረገበም። መምጣት የምትፈልጉ ከቀትር በኋላ አንኳኩ። ብትደክሙም፣ ሙቀቱ ቢያዞራችሁም፣ በመስኮቱ በኩል ያለችው ላይ አትቀመጡብኝ። ሰው አለባት ወይ ብላችሁ ብትጠይቁኝ ግን አላውቅም እላችኋለሁ።